አልጋ ሰባትን ማርልኝ

ቁልፋችሁን የት እንዳኖራችሁ ስትረሱ ማን ይሞታል? ማንም። ቤተሰብ ይስቅባችኋል፣ ትራስ ገለባብጣችሁ ታገኙታላችሁ፣ አለቀ። ነርስ ስትረሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአንድ ሆስፒታል የወንዶች ክፍል ሲስተር አንድ ቀን ጠዋት መርፌ ይዛ በድንጋጤ የቆመችውም ለዚህ ነው።

አልጋ አራት ላይ የተኙት አዛውንት ክንዳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ልጄ፣ አሁን ወግተሽኝ ሄድሽ እኮ! ወይስ የጎረቤቴንም ድርሻ እኔው ልወጋለት?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። መውጋቷ ጨርሶ ትዝ አይላትም።

ሦስት ነርሶች ሥራ ሲለቁ በምትካቸው ሰው አልተቀጠረም። ተራቸው በቀሪዎቹ ጀርባ ላይ ተጫነ። ሲስተር አድራ ትውላለች፣ ውላ ታድራለች። ጥፋቷን ግን አልደበቀችም፤ በገዛ እግሯ ሄዳ ለዳይሬክተሩ ነገረችው። እሱስ ምን አደረገ? ነርስ ቀጠረ? እንዴት ተደርጎ! አሰልጣኝ ጠራ። የማስታወስ ችሎታ ማዳበሪያ ሥልጠና ተባለ።

በአሰልጣኙ አይፈረድም፤ የተናገረው እውነት ነው። የምትሠሩትን ጮክ ብላችሁ ለራሳችሁ ንገሩ፤ ዕቃን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አኑሩ፤ በቂ እንቅልፍ ተኙ፤ ማታ በፈጣሪያችሁ ፊት ረጋ ብላችሁ ውሎአችሁን መልሳችሁ አስቡ፤ በጸሎት ስሙን የጠራችሁትን ሰው ልባችሁ አይረሳውም አለ። ልብ ካላየ ዐይን አያይም፤ አባቶች ያለ ሥልጠናም ያውቁት ነበር።

ሲስተር ከማግስቱ ጀመረች። «ለአልጋ ሁለት መርፌውን ሰጠሁ» ትላለች ጮክ ብላ። ወሬ ስለማያልቅባት ሬዲዮ የሚሏት ባልደረባዋ ሰማቻት።

«አንቺ፣ ደግሞ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከራሴ ጋር።»

«መልስ ከሰጠችሽ ንገሪኝ፣ ተራ እናስገባታለን። ሰው ጠፍቷል!»

ጮክ ማለቱ በጀ። ያቃታት ጸሎቱ ነው። ዐይኗን ስትከድን እንቅልፍ ይቀድማታል። አንድ ቀን ከሥራ እንደገባች እናቷ ካልጋቸው ጠርዝ ሆነው «ለእኔም ጸልይልኝ፣ ጉልበቴ አስቸገረኝ» አሏት። ተንበረከከች።

«አምላኬ ሆይ፣ አልጋ ሰባትን ማርልኝ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ…»

«ኧረ ጉድ! አልጋ ሰባት ደግሞ ማን ነው?»

ሲስተር ቀና አለች። የገዛ እናቷ ስም አፏ ላይ አልመጣ አላት። እናት በሳቅ ሊፈነዱ ነበር፤ የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ሳቁን ዋጡት።

«ተኚ የኔ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «እግዜር እንደሆነ የአልጋ ቁጥሬን ያውቀዋል።»

በሳምንቱ ዳይሬክተሩ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰበሰበ። ሥልጠናው ፍሬ አፍርቷል፤ ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ አንድ ነርስ ሁለት ክፍል ትይዛለች፤ ከእንግዲህ የሚረሳ ሰው ልምምዱንም ጸሎቱንም ቸል ያለ ነውና ራሱ ይጠየቃል አለ። ጸሎትን ጅራፍ ማድረግ ማለት ይኸው ነው! የደከመን ሰው እምነት ጎደለህ ብሎ መግረፍ። ዳይሬክተሩ ይህን ብሎ ሲያበቃ ሲስተርን ምስክርነት እንድትሰጥ አስነሳት።

የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ቆመች። «አመሰግናለሁ» ብላ ብትቀመጥ እግሮቿ በወደዱ። ግን ሰኞ የሚጨመርላት ክፍል ራሳቸውን የሳቱ ሕሙማን የተኙበት ነው። እነሱ «አሁን ወግተሽኛል» የሚል አፍ የላቸውም።

«ሥልጠናው ጠቅሞኛል» አለች። ተጨበጨበ። «ግን አሰልጣኙ ተኙም ብለውን ነበር።»

ጭብጨባው ቆመ።

«ሲስተር፣ ይሄን ቢሮ መጥተሽ እንነጋገርበታለን» አለ ዳይሬክተሩ።

«ቢሮ አልመጣም፣ ጌታዬ። ሰኞ ሰው ቢሞትብኝ የምጠየቀው በአደባባይ ነው። እርስዎም በአደባባይ ይመልሱ። ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማ ይንገሩን፦ የምንተኛው መቼ ነው?»