ከመስኮቱ ውጭ የተጸለየ ጸሎት

ናርዶስ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ፀጉሯን ለማንም አታስነካም። በፊት ቅዳሜ ከሰዓት ራሷን እናቷ ቦሼ ጭን ላይ ጥላ ሹሩባ ትሠራ ነበር። እንቅልፍ ሲወስዳት ቦሼ እግሯ ቢደነዝዝም አትንቀሳቀስም። አሁን ያ ፀጉር ተጠላልፎ ተቋጥሯል፤ ቦሼም ሚዶዋን ይዛ ከጓዳ ሳሎን ትመላለሳለች።

ልጅቷ ሳንባዋን ታማ ጂንካ ሆስፒታል፣ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ነበር የከረመችው፤ በሚያስተኛ መድኃኒት ደንዝዛ፣ ማሽን እየተነፈሰላት። ሕመሙ ለቀቃት። ቦሼ ግን ልጇን ገና አላገኘቻትም። እናቷ ለጸሎት ድምፅ ስታወጣ ናርዶስ ተነስታ ደጅ ትወጣለች። ከገዘር ከተማ የመጣችው አክስቷ፣ «መንፈስ ነው፤ ጸሎተኞች ይጠሩላት» አለች። ቦሼ ልትጠራቸው ስታስብ፣ መጀመሪያ ሆስፒታል ልጇን ታስታምም የነበረችውን ነርስ፣ ሲስተር ዮርዳኖስን አማከረቻት። ሲስተርም መድኃኒቱ የሰው ድምፅና ቅዠት እንደሚያደባልቅ፣ ብዙዎች ከዳኑም በኋላ ቅዠቱ ቶሎ እንደማይለቃቸው አስረዳቻት።

«ሕልም ነው አትበያት፣ እናቴ። ምን እንደሰማች ጠይቂያት።»

ቦሼ ጠየቀቻት። 

«የሞቴን ለቅሶ ሰማሁ» አለች ናርዶስ። «ሰው ሁሉ ይጮህ ነበር። ያንቺ ድምፅ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። አልሞትኩም ልልሽ ብል አፌ እምቢ አለኝ። ከዚያ ትተሽኝ ሄድሽ።»

ቦሼ የትኛው ቀን እንደነበረ ገባት። ገብቶ መጠየቅ ስለማይፈቀድ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የክፍሏ መስኮት ሥር ተሰብስበው፣ እንደ ልማዳቸው ሁሉም ባንዴ፣ እያለቀሱ ጸልየውላት ነበር። ከሁሉም በላይ የጮኸችው ቦሼ ነበረች፤ ጌታም ይስማኝ፣ ልጄም ትስማኝ ብላ።

ይህንኑ እንዳለ ነገረቻት።

«ድምፅሽ ጠፋ እኮ፣ እማ።»

«ጥበቃው ዝም በሉ አለን፣ ዝም አልኩ። ግን አልሄድኩም ልጄ። አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ መስኮቱን ሳይ ነበር።»

 ቅዳሜ ናርዶስ ዱካ አምጥታ ጀርባዋን ለእናቷ ሰጥታ ተቀመጠች። ራሷን ጭኗ ላይ አልጣለችም።

«ሁለት ጉንጉን ብቻ። እንዳትጸልዪ ደግሞ።»

ቦሼ ጸሎቱን በሆዷ ያዘችው። ድምፅዋ እንዳይጠፋ ግን ስለ ጎረቤት ዶሮ፣ ስለ ጓሮው ጎመን፣ ዲመካ መንገድ ላይ ስለተበላሸው ሚኒባስ ታወራ ጀመር። ወሬው ሲያልቅባት እንደገና ከዶሮው ትጀምራለች። ጭኗ ባዶ ነው፤ ያ ክብደት ናፈቃት። ሁለተኛው ጉንጉን ሲያልቅም ወሬዋን አላቋረጠችም። ናርዶስም አልተነሳችም።