የቀኙ የኋላ ጎማ

«አባባ፣ ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?» አለ ኔቦይሻ።

ራዲሻ መሪውን ጨብጧል። ልጁ ጎኑ ተቀምጦ፣ ቄሱ አሁን ባርከው ወይን ጠጅ ያፈሰሱበትን የዝክር ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አቅፏል፤ አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ያዳምጣል። ራዲሻም አዳመጠ። የሞተሩን ማጉረምረም ሰማ። ጎማው የመንገዱን ጉድጓድ ሲመታ ሰማ። ከዚያ ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

«የቱ ድምፅ?» አለና ወዲያው ምላሱን ነከሰ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በዚህ ሸለቆ መኪና ያለው ሰው ሁሉ መኪናው ባስነጠሰች ቁጥር ወደ እሱ ደጅ የሚነዳው ለምን ሆነና! ራዲሻ ኮፈን ሳይከፍት፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳምጦ የታመመውን ዕቃ በስሙ የሚጠራ መካኒክ ነው። እንዲህ ያለ ሰው «የቱ ድምፅ?» አይልም።

«ይሄ ነዋ! ሸር… ሸር… የሚለው። አልሰማኸውም እንዴ?»

«ሰምቼዋለሁ። መንገዱ ነው። ዳቦውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ልትጥለው ነው።»

ኔቦይሻ ዳቦውን ቀጥ አደረገ፤ ዓይኑን ግን ከአባቱ ፊት ላይ አላነሳም። ትናንት ማታ ከሚኖርበት ከተማ ከኒሽ በአውቶቡስ ነው የመጣው፤ ለዝክሩ።

መጀመሪያ የጠፉት ወፎቹ ነበሩ። አንድ የፀደይ ጠዋት ራዲሻ የፕለም ዛፎቹ ላይ ወፎች አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ አየ፤ ድምፅ ግን የለም። ቀጥሎ የግድግዳው ሰዓት ሄደ፤ ቀጥሎ የማንቆርቆሪያው ፉጨት። ወፍራም ድምፅ ይሰማል፣ ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲያወራውም ይሰማል፤ ቀጭን ቀጭኑ ነገር ነው ዕድሜውን ሙሉ በመዶሻና በሞተር ጩኸት መሀል ለኖረው ጆሮ አልደርስ ያለው። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ቪዶሳቫ ብቻ ናት። ሰው መኪና ይዞ ሲመጣ ራኪያ የሚባለውን የፕለም አረቄ የምታቀርብ መስላ ትወጣና ሞተሩን አዳምጣ ትመለሳለች። እሱም «ብርጭቆ ላምጣ» ብሎ ይከተላታል። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋና አፏን ወደ ፊቱ አስጠግታ ትነግረዋለች፦ «ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ሲሞቅ ይተዋል»፤ ወይም «እንደተራበ አሳማ ነው፣ ማርሽ ሲቀየር ይብስበታል»። ከዚያ ወዲያ ያለው ለእሱ ቀላል ነው። ወጥቶ በሽታውን ይናገራል፤ ሰዉም ይደነቃል፣ ያመሰግናል፣ ይጠጣል።

ጉዳዩ የክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይተወው ነበር፤ ቢያንስ ራሱን እንዲያ እያለ ያሳምናል። የቪዶሳቫ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ቆይቷል። በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ቅርብ ያለው ከተማ ሆስፒታል መድረስ አለባት፤ መንገዱ ደግሞ ከላይ ቋጥኝ፣ ከታች ገደል ያለው ጠመዝማዛ ነው። የሚያመላልሳት ራዲሻ ነው። ጆሮው እንደከዳው ከታወቀ ማንም መሪ አያስጨብጠውም። መሪ ከተነጠቀ ደግሞ ልጁ ሲወተውት የኖረው ነገር ይሆናል፦ ቤቱ ይዘጋል፣ ሁለቱም ኒሽ ሄደው በልጁ አፓርታማ ውስጥ፣ የሰው መስኮት ስር ተቀምጠው መሞቻቸውን ይጠብቃሉ። ቪዶሳቫም አልፎ አልፎ የኒሽን ነገር ታነሳ ነበር። እናት ናት፣ ልጇ ይናፍቃታል ብሎ ያልፈዋል።

ቤት ሲደርሱ እንግዳው ግቢውን ሞልቶታል። ለቅዱስ ኒኮላዎስ ዝክር ማንም አይጠራም፤ ቀኑን የሚያውቅ ይመጣል፣ የመጣም ይገባል። ወሩ የገና ጾም ስለሆነ ገበታው ላይ ያለው ዓሣና ባቄላ ነው። ቪዶሳቫ በር ላይ ቆማ ለገባ ሁሉ በስኳርና በለውዝ የታሸውን የስንዴ ንፍሮ በማንኪያ ታቀምሳለች። ባለቤቱ በዚህ ቀን አይቀመጥም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ይቀዳል። ራዲሻም መቅዳት ያዘ። የሚቀዳን ሰው ብዙም አያናግሩትምና ይህ ሥራ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ተመችቶታል።

ነገሩን የጫረው ልጁ ነው።

«ጋሽ ቲሆሚር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለ፤ ፊቱ በራኪያ ቀላ ብሏል። «የአባባ መኪና ትጮሃለች። እሱ መንገዱ ነው ይላል።»

ቲሆሚር የአጥር ጎረቤት ነው፤ ከራዲሻ ጋር ልጅ ሆነው አብረው ፕለም ሰርቀዋል፣ ከዚያ ወዲህ ሲነካከሱ ነው የኖሩት። «አትለኝም! ሐኪሙ ቤት በሽተኛ አለ?» ብሎ ብድግ አለ። «ተነሱ፣ ተነሱ! ብርጭቆ ብርጭቋችሁን ያዙ፣ ምርመራ እንይ!»

«ዛሬ ዝክር ነው» አለ ራዲሻ። «በዝክር ቀን መፍቻ አይነካም።»

«ማን መፍቻ ንካ አለህ አንተ ሰውዬ? በጆሮ መስማት ኃጢአት ነው እንዴ? አንተ ሰምተህ ትነግረናለህ፣ እኛ እንጠጣልሃለን።»

መውጫ አጣ። ሌላ ቀን ቢሆን ክሪኩን አምጥቶ መኪናዋን ያነሳል፣ ጎማውን በእጁ እያሽከረከረ ይዳብሳል፤ እጁ እንደሆነ አልከዳውም። ዛሬ ግን እጅ ሥራ የማይነካበት ቀን ነው። የቀረው ጆሮ ብቻ ነው።

ኔቦይሻ መኪናዋን ከግቢው በር እስከ ጎተራው እየነዳ ተመላለሰ። ራዲሻ እንደ ልማዱ እጁን ኪሱ ከቶ ዓይኑን ጨፈነ፤ ወዲያው ፈርቶ ገለጠው። ጨፍኖ የሰዎቹን ፊት ማየት አይችልም። መኪናዋ ስታልፍ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊታቸውን ኮስተር ሲያደርጉ አየ። ድምፁ አለ ማለት ነው። ቪዶሳቫን በዓይኑ ፈለጋት። የንፍሮውን ሳህን ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች። አያት፤ አየችው። ትንሽ ምልክት ትበቃው ነበር። አፏን ብታንቀሳቅስ፣ በጣቷ የሳህኑን ጠርዝ መታ መታ ብታደርግለት ቀሪውን እሱ ያውቅበታል። ቪዶሳቫ ሳህኗን ይዛ ዝም ብላ ቆመች።

«ድመት በር ስትቧጭር ነው የሚመስለው» አለ አንዱ እንግዳ።

«ኧረ እንደ መጥረጊያ ነው» አለ ሌላው።

ሁሉም ወደ ራዲሻ ዞሩ።

«ጠጠር ነው» አለ ራዲሻ። ድምፁ ለራሱ እንኳ ደፋር መሰለው። «የጎማው ጥርስ መሀል ገብቶ ነው። የፊት ግራው ላይ። ነገ አወጣዋለሁ።»

ድምፁ የሚመጣው ከኋላ ነበር፤ ከቀኝ በኩል። ግቢው ውስጥ ከእሱ በቀር ይህን ያልሰማ አልነበረም።

ያን ጊዜ ቲሆሚር ከጀርባው ጠጋ ብሎ በለሆሳስ አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለ ራዲሻ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እሱ ያየው የሌሎቹን ፊት ነው። ሊስቁ ተዘጋጅተው መልሱን ይጠብቃሉ። ሲዘገይባቸው አንዱ አንገቱን ደፋ፣ ሌላው ባዶ ብርጭቆውን ወደ አፉ ወሰደ። ራዲሻ ዞር ሲል ቲሆሚር ራሱ ደንግጦ ቆሟል፤ ቀልዱ በእጁ ላይ ሞቶበታል። ከሁሉ የከፋው ግን የኔቦይሻ ዓይን ነው። ልጁ አዝኖለታል። ራዲሻ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን በሰው ፊት በጥፊ ሊመታ ቃጣው።

ኔቦይሻ ግን የመኪናዋን ኋላ ከፍቶ ክሪኩን አወጣ።

«ዝክር ነው ብዬሃለሁ!»

«ቅዱስ ኒኮላዎስ የመንገደኛ ጠባቂ ነው አባባ። ይቅር ይለኛል።»

የቀኙን የኋላ ጎማ ከመሬት አነሳው። በእጁ ቀስ እያለ አሽከረከረው፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ያዝ አደረገው። ተንበርክኮ ወደ ውስጥ አየና እዚያው እንዳለ «አባባ፣ እጅህን አምጣ» አለ። የአባቱን እጅ ይዞ በጎማው የውስጥ ጎን አስገባው።

እዚያ የዝይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ነበር። ራዲሻ በጣቱ ሲነካው ሁሉንም ተረዳ። ጎማው ጉድጓድ መትቶ የውስጥ ክሩ ተበጥሷል፤ አየሩን የያዘው ስስ ላስቲክ ብቻ ነው፤ እብጠቱ በዞረ ቁጥር የጎኑን ብረት ታክኮ ያልፋል። ለዚህ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ይሄ ገደሉ ላይ ቢፈነዳስ?» አለ ኔቦይሻ። «እማዬን ይዘህ ቢፈነዳስ? ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚለው?»

ራዲሻ አፉን ከፈተ። መልሱ ግን ከደረጃው መጣ።

«ወይን ከለቀምን ጀምሮ» አለች ቪዶሳቫ፣ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ። ሳህኑን አጠገቧ ላለችው ሴት ሰጥታ ወደ ውስጥ ገባች።

ራዲሻ ተከትሏት ወጥ ቤት ገባ። እንደ ወትሮው በሩን ዘጋች፤ እንደ ወትሮው ፊቱ ጋ ቀርባ ቆመች።

«ሰምተሽ ዝም አልሽኝ» አላት።

«ሰምቼ ዝም አልኩህ።»

«ጎኔ ተቀምጠሽ! ብንሞትስ?»

«ምን እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? አዋቂው አንተ አይደለህ? ልጄ መጥቶ ይስማው ብዬ ነው የጠበቅሁት። ብነግርህማ ጠግነኸው ያንኑ መንገድ እንደገና ትነዳኛለህ።» ወንበሩን ደገፍ አለች። «ደክሞኛል ራዲሻ። ከእጥበት ወጥቼ እያጥወለወለኝ ያን ሁሉ ኩርባ። ስንደርስ ደግሞ ወጥቼ የሰው ሞተር ላዳምጥልህ። የኒሹ ሆስፒታል እኮ ከልጄ ቤት በእግር የሚደረስ ነው።»

«ይሄን ብትነግሪኝ ኖሮ…»

«ነገርኩህ እኮ! ስንቴ ነገርኩህ! ጆሮህ ገና ደህና ሳለ ነው የነገርኩህ።»

ይህን አጥርቶ ሰማው። ከወይን ለቀማ ወዲህ የተመላለሱበት መንገድ ሁሉ ፊቱ ላይ መጣበት። እሱ እያንጎራጎረ ይነዳል፣ እሷ መስኮቱን እያየች ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላለች፤ የደከማት መስሎት ብርድ ልብስ ጣል ያደርግላታል። ከዳችኝ ብሎ አሰበ፤ ተናደደ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ማን ማንን ቀድሞ እንደተወ ማሰብ ጀመረና ሐሳቡ ወዴት እንደሚወስደው ሲያይ አቆመው።

ቪዶሳቫ መኝታ ቤት ገብታ ከአልጋው ስር ሻንጣ ጎተተች። ልብስ ልትከትበት መስሎት ነበር። ሻንጣው ግን ከብዶ ነው የወጣው፤ ሞልቶ፣ ተቆልፎ የተቀመጠ ነው።

ግቢው ውስጥ ኔቦይሻ ትርፉን ጎማ፣ ስኮርታውን፣ ገጥሞ እጁን በበረዶ ያጥባል። እንግዶቹ በየጥጉ ሆነው ስለ ዓሣው ያወራሉ፤ ሰው ሲያፍር ስለ ምግብ ያወራል።

«እማዬን ወደ ኒሽ ይዣት ልሄድ ነው፤ አንተም ና አባባ» አለ ልጁ። «ቦታ አለ። ዛሬ ካልሆነም ነገ መጥቼ ልውሰድህ።»

«በዝክር ቀን እንግዳ ጥሎ የሚሄድ ባለቤት የት አይተሃል?» አለና ራዲሻ እጁን ለመኪናው ቁልፍ ዘረጋ፤ የስኮርታውን ብሎኖች ራሱ ሊያያቸው ፈልጎ። ኔቦይሻ የተዘረጋውን እጅ አየ። ትንሽ አመነታና ቁልፉን እንደጨበጠ በመሪው በኩል ገባ።

ቪዶሳቫ የካፖርቷን ቁልፎች እስከ አንገቷ ቆልፋ ወጣች። እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ ሳመችው። ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር።

«ዓሣው ለማታ ይበቃችኋል» አለችው። «ባቄላውን አሙቁት፣ ቀዝቅዞ አይጣፍጥም።»

«እሺ» አላት።

መኪናዋ ከግቢው ወጥታ ወደ ቁልቁለቱ ዞረች። ራዲሻ የአጥሩ በር ላይ ቆሞ አዳመጠ። ስኮርታው ስንት ዓመት ኋላ ላይ ተኝቶ የኖረ ነው፤ ማንም አልመረመረውም፣ እሱም አልዳሰሰውም። የሞተሩን ማጉረምረም እስከ መጀመሪያው ኩርባ ድረስ ተከተለው። ከዚያ በኋላ ያለው እሱ የማይደርስበት ነው። ቲሆሚር ብርጭቆ ይዞ መጥቶ አጠገቡ ቆመ፤ ይቅርታ የሚባል ነገር ለምዶበት አያውቅም።

«ይሰማሃል?» አለው ራዲሻ።

«ምኑ?»

«ጎማው። መኪናዋ። ንገረኝ እንጂ፣ አንተ ትሰማለህ፤ ይጮሃል ወይስ ትቷል?»

ቲሆሚር ባርኔጣውን ከጆሮው ላይ ገፋ አድርጎ ወደ ገደሉ መንገድ አዳመጠ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ወደ ራዲሻ ዞረ፤ ፊቱን አስጠጋ፤ ቃሉን አንድ በአንድ፣ ጮክ አድርጎ ተናገረ።

«ሄደዋል» አለው። «ምንም አይሰማም።»