ውጣ ሳይባል የሚወጣ ሰው

ወንድሜ ሰር ኤቨራርድ በደንብ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ክሪኬት መጫወትና የፓርላማ ምርጫ ማሸነፍ። ሌላውን ሁሉ እኔ ነበርኩ የምሠራለት፤ ቤቱን፣ ሠራተኞቹን፣ ጭቅጭቃቸው የማያልቀውን ጭሰኞች ሳይቀር። ባል ስለሌለሽ ጊዜ አለሽ ይለኝ ነበር። ቢሆንም እወደው ነበር።

በወጣትነቱ ለእንግሊዝ ተጫውቷል፤ ያውም አንዲት ሽልንግ ሳይቀበል። በእኛ ዘንድ የጨዋ ልጅ ለገንዘብ አይጫወትም። የሚኮራው ግን በሌላ ነገር ነበር። ኳሷ መምቻውን ነካ አድርጋ አልፋ መሬት ሳትወድቅ ከተያዘች መቺው ከጨዋታ ይወጣል። ዳኛው ካላየ ምንም እንዳልሆነ ዝም ብሎ የሚቆም ሞልቷል። ኤቨራርድ ግን ዳኛውን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ መምቻውን ብብቱ ስር ሸጉጦ ይወጣል። በምርጫ ቅስቀሳ ጊዜም ደጋፊዎቹ የሚያወሩለት ይህንኑ ነበር፤ ውጣ ሳይባል የሚወጣ ሰው እያሉ።

ከጀርመን ጋር ጦርነት በተጀመረ በዓመቱ የመንደራችንን የሜልኮምብን ልጆች ለውትድርና የመለመለው እሱ ነው፤ እዚያው ክሪኬት ሜዳው ውስጥ፣ ጋሪ ላይ ቆሞ። ከሄዱት አንዱ አልፍሬድ ታፕሰል ነበር። ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ከአሥራ ዘጠኝ በታች ስለማይዘመት አሥራ ዘጠኝ ነኝ ብሎ ገባ። ዓመት ሳይሞላው ፈረንሳይ ውስጥ ሞተ። ኤቨራርድ የክርስትና አባቱ ነው፤ ዕድሜውን ከእናቱ እኩል ያውቀዋል።

በየበጋው የመንደሩና የእኛ ቤት ቡድን ሲጋጠሙ ሻይ የምታዘጋጀው የአልፍሬድ እናት ወይዘሮ ታፕሰል ነች። ልጇ ከሞተ በኋላም አልተወችም። ሰላም ከወረደ ወዲህ ግን፣ በየጨዋታው ለኤቨራርድ ሻዩን ስታቀብለው አንድ ነገር ትጠይቀዋለች፤ ምልምሎቹን የመዘገበው ሃምሳ አለቃ የአልፍሬድን ዕድሜ ሲጠይቅ አጠገቡ ነበሩ ወይ ትለዋለች። እሱም አልነበርኩም፣ ብኖር ኖሮ አስቆመው ነበር ይላታል። እሺ ጌታዬ ብላ ወደ ማንቆርቆሪያዋ ትመለሳለች። በዚያች ሰዓት የወንድሜን ፊት ማየት አልወድም ነበር።

ጦርነቱ ባለቀ በአራተኛው በጋ፣ ለመኸር ምርጫ ይጠራል እየተባለ ሲወራ፣ ኤቨራርድ ጋዜጠኛ አስከትሎ መጣ። ጉልበቱ ከድቶት ነበር፤ ሮጥኩ ሲል መራመዱ ነው። ቢሆንም ኳስ እየመረጠ ሲመታ የድሮው ኤቨራርድ ብቅ ይልበት ነበርና ደስ አለኝ። ሃምሳ ነጥብ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አንዷ ኳስ አለፈችውና ከኋላው የቆመው ተጫዋች ያዛት። ድምፅ የሰማ የለም። የያዛት ሰው እንኳ መምቻውን ነክታለች ብሎ ዳኛውን አልጠየቀም። ኤቨራርድ ግን መምቻውን ብብቱ ስር ሸጎጠና ወጣ። ሰዉ ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ፤ ጋዜጠኛውም ጻፈ።

ሻይ ድንኳኑ ውስጥ የኪያር ሳንድዊቹን ከበው ሁሉም ያሞግሱት ጀመር። ወይዘሮ ታፕሰል ሻዩን ቀዳች፤ አላቀበለችውም።

«ማንም ያየ የለም፣ ጌታዬ። ለምን ወጡ?» አለችው።

«እኔ አውቃለኋ፣ ወይዘሮ ታፕሰል።»

«ማወቅ ብቻውን ይበቃል?»

«ይበቃል።»

«እንግዲያው አልፍሬድ ዕድሜውን ሲናገር የት ነበሩ?»

ጋዜጠኛው እዚያው ነው፤ መራጮቹም እዚያው ናቸው። እውነቱን ልናገርና፣ እንዲዋሽ ፈልጌ ነበር።

«አጠገቡ ነበርኩ» አለ ኤቨራርድ። «ሃምሳ አለቃው ልጁን አላመነውም፤ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። እኔም አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት።»

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «አብረውት የዘመቱት ነግረውኛል» አለች። «ከእርስዎ አፍ ልስማው ብዬ ነው የቆየሁት።» ሻዩን ፊቱ አስቀመጠችለት። «ሰባት ዓመት ሙሉ ግን ሳይወጡ ቆሙ፣ ጌታዬ።»

ለመኸሩ ምርጫ አልተወዳደረም። እንዲተው የጠየቀው አልነበረም፤ የመንደሩ ሰው ሰላምታውን እንኳ አልነፈገውም።

በሚቀጥለው በጋ መጫወት ስላልቻለ ደግፌ ወደ ድንኳኑ ወሰድኩት። ወይዘሮ ታፕሰል እንደ ወትሮው ሻዩን ቀድታ አቀበለችው። ሲኒውን ይዞ ቆመ፤ ጥያቄውን እየጠበቀ መሆኑ ገባኝ። እሷ ግን ከኋላው ለቆመው ሰው መቅዳት ጀመረች። ወንድሜ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።