«ድፋእ» እና «ድፋ»

መቀሌ ላይ ጀልባ ሲባል የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ዓይናለም ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ጣሊያን ቆፍሮት የሄደ ኩሬ ነበር፤ ኩሬው ላይ ደግሞ ሆዷ የተሰነጠቀ አንዲት ትንሽ ጀልባ። በ1937 ክረምት የውሃ መውጫውን የዘጋውን ሣር እንዲያጭዱ ሁለት ሰዎች ተቀጠሩ። አንዱ ዝናቡ ሥራ ያስፈታው ድንጋይ ጠራቢ ሕሉፍ ነው። ሌላው ይማም ነው፤ ከወሎ መጥቶ መቀሌ ገበያ ጆንያ ሲሸከም ሦስት ዓመቱ። የሐይቅ አገር ሰው ስለሆነ ጀልባ ያውቃል ተባለ። እሱ እቴ፣ ዋና እንኳ አያውቅም! ግን የእንጀራ ነገር ነውና ዝም አለ።

ሕሉፍ ከፊት ሆኖ ያጭዳል፤ ይማም ከኋላ ተቀምጦ በስንጥቁ የሚገባውን ውሃ በጣሳ እየዛቀ ይደፋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት ነፋስ ተነስቶ ጀልባዋን ወደ ድንጋዩ ግድብ ነዳት። ሕሉፍ ሊያቆማት እጁን ቢዘረጋ ግራ እጁ በግድቡና በጀልባዋ መሃል ተቀረቀረ።

«ድፋእ! ይማም ሓወይ፣ ድፋእ!» እያለ ጮኸ።

በትግርኛ ግፋ፣ ወንድሜ ግፋ ማለቱ ነው። መግፊያው ዘንግ ይማም እግር ሥር ነበር። ለመግፋት ግን መቆም ያስፈልጋል፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን አልፏል፤ ከቆመ የምትገለበጥ መሰለው። ነፍሱን ፈራ። አቀርቅሮ ውሃውን ይደፋ ጀመር። ነፋሱ ጋብ እስኪል ድረስ ያ ሲጮህ፣ ይህ ሲደፋ።

ዳር ሲወጡ ሰው ተሰብስቦ ይማምን «ምነው ሳትገፋ ቀረህ?» አለው።

«ድፋ ያለኝ መስሎኝ» አለ ይማም። አፉ ላይ የመጣለትን ነው።

ገበያው ሁሉ በዚህ ሳቀ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ሕሉፍ ራሱ ነው፤ ሦስት ጣቱ ደርቆ፣ መሮ መጨበጥ የተሳነው ሰው።

ሳቁስ ይቻል ነበር። ማስተማሩ ነው ይማምን የገደለው። ሕሉፍ፣ ይህ ምስኪን ዳግመኛ በቋንቋ እንዳይጎዳ ብሎ፣ በየቀኑ አጠገቡ እያስቀመጠ ትግርኛ ያስቆጥረው ያዘ። «ነዓ፣ ና። ኪድ፣ ሂድ።» ይማም ጠንቅቆ የሚያውቀውን ቃል እንደ አዲስ ይደግማል። ሲያገኝ ሕሉፍ በዚያ በደረቀ እጁ «ጎበዝ!» ብሎ ትከሻውን መታ ያደርገዋል። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። እያፈረ ያድራል፣ እያፈረ ይሰግዳል።

አንድ ቀን ሕሉፍ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እየሳቀ «በል ሓወይ፣ ድፋእ ምንድን ነው?» አለው።

«ግፋ» አለ ይማም። ከዚያም አንድ ፊደል ባልተዛነፈ ትግርኛ «ሽዑ'ውን ይፈልጥ ነይረ» አለ። ያኔም አውቅ ነበር ማለቱ ነው።

የሕሉፍ እጅ ከትከሻው ላይ ወረደ።

«በአማርኛ ድገምልኝ» አለው፤ «እኔ ደግሞ ተሳስቼ ሰምቼ እንዳይሆን።»

ይማም በአማርኛ ደገመው።