የጉሎው ዓመት

ቤቴል የመጣችው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። መክብብ ጓሮው ውስጥ የቃሪያ ችግኝ ውሃ ሲያጠጣ ነበር። ከዞኑ ግብርና መምሪያ መሆኗን ስትነግረው ጣሳውን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ። ጡረታ ከወጣ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ከመሥሪያ ቤት መጥቶ የሶዶ ቤቱን በር ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

«ጋሼ መክብብ፣ ጉኑኖ አካባቢ ገበሬው ማንን ያምናል ብለን ስንጠይቅ የእርስዎን ስም ነው የሚጠሩት» አለችው።

ነገሩ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀል ኢታኖል የሚያመርት ፋብሪካ ነው። ቤንዚን ጠፍቶ የባጃጅ ሾፌሮች ማደያ ደጃፍ ተሰልፈው ይውላሉ፤ መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ይቸበቸባል። አንድ ባለሀብት ከካሳቫ፣ አገሬው የእንጨት ቦዬ ከሚለው ሥር፣ ኢታኖል አወጣለሁ ብሎ ለጉኑኖ ቀረብ ያለ ቦታ ጠይቋል። የዞኑ ምክር ቤት በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ለወጣቱ ሥራ፣ ለመኪናው ነዳጅ ይላል። ግማሹ ሰው የሚበላውን ለሞተር አናበላም ይላል። የጎረቤቷ የአረካ ከተማ ሰዎች ደግሞ ለምን ወደ እኛ አይመጣም ብለው አኩርፈዋል።

«ሐሙስ ጉኑኖ ላይ ስብሰባ አለ። አሥር ደቂቃ ቢናገሩልን ይበቃናል።»

እሺ አላት። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ሚስቱ ጽጌሬዳ፣ «ጉኑኖ ሄደህ የድሮ ወዳጅህን ጦናን ሳታይ ልትመለስ ነው?» ስትል ጠየቀችው። ጣሳውን አንሥቶ ወደ ችግኙ ተመለሰ።

መክብብ ሶዶ ተወልዶ ያደገ ነው። አያቱ ከሸዋ ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሱ ግን ወላይትኛን ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ሲያባርር ለምዷል። ከግብርና ማሠልጠኛ እንደወጣ በግብርና ባለሙያነት የተመደበው ጉኑኖ አጠገብ ያለ ቀበሌ ውስጥ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ኖረ። ሐሙስ ጠዋት በሚኒባሱ መስኮት የእንሰቱን ቅጠል፣ በየደጃፉ ያለውን ለምለም ሣር እያየ ሲሄድ እነዚያ ዓመታት አንድ በአንድ መጡበት። በጭቃ ቦቲ ጫማው ከቤት ቤት ይዞር የነበረው፤ ዝናብ ሲይዘው ጦና ቤት ገብቶ ትኩስ ቆጮ በዳጣ የሚበላው፤ የጦና ሚስት አባይነሽ «ብላ እንጂ፣ የመንግሥት ሆድ ይጠባል እንዴ?» እያለች የምትጨምርለት። በመስመር ዝሩ ሲል ይዘሩ ነበር። ዛፍ ትከሉ ሲል ይተክሉ ነበር። «መክብብ ካለ» ይባል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለለት ሰው የለም።

በሚሊኒየሙ ዓመት ጉሎ መጣ። አንድ የውጭ ኩባንያ ከፍሬው ዘይት ጨምቆ ለመኪና ነዳጅ አደርጋለሁ አለ። ከላይ መመሪያ ወረደ። መክብብም አመነበት፤ ሥልጠና ወስዶ፣ የጉሎ ሥዕል ያለበት ካኒቴራ ለብሶ ተመለሰ። ጦናን፣ «ከስኳር ድንቹ ግማሹን ተውና ጉሎ ዝራ» አለው። ጦና መሬቱ ከአንድ ጥማድ አይበልጥም። «አንተ ካልክ» ብሎ ዘራ።

ጉሎው አፈራ። የኩባንያው መኪና አንዴ መጥቶ ጫነ፣ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። በዚያው በልግ ዝናቡ ቀረ። ስኳር ድንቹ ሰው በሚራብበት ወር የሚደርስ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን በየማሳው የቆመው የማይበላ ፍሬ ነው። አባይነሽ ትንሿን ልጇን ታቅፋ ጤና ጣቢያ የምግብ እርዳታ ሰልፍ ላይ ቆማ መክብብ አያት። ልጅቷ ተረፈች። እሱ ግን በወሩ ዝውውር ጠየቀ፣ ተፈቀደለት፣ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ።

ስብሰባው ከሰዓት ስለነበር በእግሩ ወደ ጦና ቤት ወረደ። መንገዱን እግሩ አልረሳውም። ጦና ከእንሰቱ ሥር ቁጭ ብሎ የመጥረቢያ እጀታ ይጠርብ ነበር፤ ጠጉሩ ነጭ ሆኗል። ቀና ብሎ ትኩር አድርጎ አየው።

«ታ ኢሻው» አለ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ሸበትክ።»

አባይነሽ ከጓዳ ወጥታ ጉንጩን ሳመችው፣ ተመልሳ ምግብ ልታቀርብ ገባች። መክብብ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«በጉሎው ነገር...» አለ።

«ጉሎው አለፈ።»

«እኔ ነኝ ዝራ ያልኩህ።»

ጦና እጀታውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አንተም ተነግሮህ ነው። ያን ዓመት የተራበ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አንተንም አይቼሃለሁ፣ ከስተህ ነበር። እኔን ያስቀየመኝ ጉሎው አይደለም። መቅረትህ ነው። ሰው ሲከፋው ወደ ወዳጁ ቤት ይመጣል እንጂ ይጠፋል እንዴ? አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በየጊፋታው በዓል ሥጋ ስንካፈል መክብብ የት ደረሰ እላለሁ።»

መክብብ አንገቱን ደፋ። ጦናም እጀታውን አንሥቶ መጥረቡን ቀጠለ።

ምሳ በልተው አብረው ወደ አዳራሹ ወጡ። መጀመሪያ የመምሪያው ኃላፊ ስለ ፋብሪካው ጥቅም አስረዳ። ሶርሳ የሚባል የምክር ቤት አባል ተነሥቶ፣ ይህ ሕዝቡን ለረሃብ አሳልፎ መስጠት ነው ሲል ተቃወመ። ጭብጨባው ለሁለቱም እኩል ነበር። ከዚያ ቤቴል ማይኩን ለመክብብ ሰጠችው።

በወላይትኛ ነበር የተናገረው። «ጉሎ ዝሩ ያልኳችሁ እኔ ነኝ» አለ። «ስትራቡም ጥያችሁ ሄድኩ። ስለዚህ ዛሬ ፋብሪካው ይሠራ፣ አይሠራ የማለት አፍ የለኝም። የተማርኩትን ልንገራችሁ። ከጓሮ ያለውን የምትበሉትን አትንቀሉ። ካሳቫውን የሚገዛው ማነው፣ በስንት ይገዛል፣ ዝናብ ቢቀር ማን ይጠየቃል ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል ብቻ ለመጣ ሰው፣ እኔም ብሆን፣ እሺ አትበሉ።»

ኃላፊው ፊቱ ጠቆረ። ሶርሳም የጠበቀው ድጋፍ ይህ አልነበረም። ከኋላ አንዲት ሴት ግን ተነሥታ፣ «እሱ እንዳለው ጽሑፉን አምጡ» አለች፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ጉዳዩ ለጥናት ተላለፈ።

ቤቴል በር ላይ ያዘችው። «ጋሼ፣ አለቃዬን አስቆጡብኝ» አለች፤ ቅሬታ ቢኖራትም ዓይኗን አላዞረችም። «የጉሎውን ነገር ግን ፋይል ውስጥ አላገኘሁትም። አንድ ቀን ቁጭ ብለው ይነግሩኛል?»

«እነግርሻለሁ» አላት።

ባለሀብቱ ውሉን በጽሑፍ አላመጣም፤ በሰኔ ወደ ሌላ ዞን ሄደ ተባለ። የአረካዎቹ ጉኑኖዎችን፣ ኃላፊው ሶርሳን፣ ሶርሳ ኃላፊውን ወቀሱ። የቤንዚን ሰልፉም አላጠረም። መክብብ አንዳንድ ቀን፣ ተሳስቼ ይሆን፣ ደህና ፋብሪካ አስቀርቼ ይሆን እያለ ይጨነቅ ነበር። ይህን ለጦና ሲነግረው ጦና፣ «እሱን እንግዲህ እግዜር ያውቃል» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል።

መስከረም ላይ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ፣ መክብብና ጽጌሬዳ አብረው ወደ ጦና ቤት ወረዱ። ጎረቤቱ በሬውን አርዶ የቅርጫ ሥጋውን በየመደቡ በእንሰት ቅጠል ላይ ሲደለድል፣ የጦና ትልቁ ልጅ አንዱን መደብ እያሳየ፣ «ይሄ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የመክብብ ነው» አለች አባይነሽ፣ ቢላዋ እየሳለች።