በሜርኩሪ የተለካው የጋሼ ግድግዳ

ሜርኩሪ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው መጨረሻው ነጭናጫ መሆን ነው። ጓንት ላይ ጓንት፣ ጭንብል፣ ቀኑን ሙሉ አናት ላይ የሚጮህ የአየር ማውጫ፤ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ግማሹን ልብስ ማውለቅ አለ። የቢሮ ሰዎች ከኋላዬ «እሜቴ ሜርኩሪ» ይሉኛል። ከፊቴም ቢሉኝ ግድ የለኝም፣ መቆጣትም አቅም ይጠይቃል።

ሥራዬ በግንባታ ዕቃ ላቦራቶሪ ውስጥ ቀዳዳ መለካት ነው። አርማታም ሸክላም ድንጋይም ዓይን የማያየው ቀዳዳ አለው። የደረቀውን ቁራጭ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ እከትና አየሩን መጥጬ በሜርኩሪ እሞላዋለሁ። ሜርኩሪ እንደ ውሃ ዝም ብሎ አይሰርግም፤ ኩሩ ነው፣ ካልገፉት አይገባም። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ትንሽ ግፊት ይበቃዋል፤ ጠባብ ከሆነ ማሽኑ እስኪያቃስት መግፋት ነው። በምን ያህል ግፊት ምን ያህል እንደገባ አይቼ የቀዳዳውን ስፋት አውቃለሁ። ግፊቱን ብለቀውም የገባው ሁሉ ተመልሶ አይወጣም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ አርማታንም ይጨምሩበት። ስለዚህ የተለካ ቁራጭ ለባለቤቱ አይመለስም፣ በርሜል ውስጥ ታሽጎ ይወገዳል።

ባለፈው ሰኞ የመጣው ቁራጭ የጋሼ ነበር።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ግንበኛ። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ አካፋ ያነሳው እኔ እንድማር ብሎ ነው። ይህንን አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም፣ እኔ ነኝ የማልረሳው። አሁን አንድ መዋዕለ ሕፃናት ጓሮ የሠራው የውሃ ታንከር ግድግዳው ማርጠብ ጀመረ፤ ከሥሩ ደግሞ ልጆቹ የሚጫወቱበት አሸዋ አለ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ባለቤት «አርማታውን ሲያቦካ ውሃ አብዝቷል» አለ። ጋሼ «ጠብታ አልጨመርኩም» ብሎ ማለ። የበዛ ውሃ ሲደርቅ ቦታውን ባዶ ትቶት ይሄዳል፣ ግድግዳውም ውስጥ ውስጡን ወንፊት ይሆናል። ወንፊት ከሆነ ታንከሩ ይፈርሳል፣ ጋሼንም ከእንግዲህ ደፍሮ ሥራ የሚሰጠው አይኖርም። ካልሆነ ስንጥቁ ተለስኖ እንደገና ውሃ ይሞላል።

«የወንድሜ ሥራ ነው፣ ሌላ ሰው ይለካው» አልኩት አለቃዬን።

«ሌላ ሰው ማን አለ? ያ አዲሱ ልጅ፣ ችኩሉ?» አለኝ። «ለነገሩ ማሽኑ ዘመድ አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ከኋላሽ ቆሜ አያለሁ።»

ቆመም። ሻዩን ይዞ ሊገባ ሲል በር ላይ አስጣልኩት።

ቁራጩን ያደረቀው ችኩሉ ነው፣ አዲሱ ባልደረባችን። ማሽኑ ገና መግፋት ሲጀምር ሜርኩሪው እየተንደረደረ ገባ። ጥሩ አርማታ መጀመሪያ እምቢ ነው የሚለው፤ ይሄ ግን በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ ነበር። ከዚያ ሄጄ ማድረቂያውን ምድጃ ሳየው፣ ችኩሉ ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ሙቀቱን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎታል። ሙቀት ሲበዛ ጠባቡን ቀዳዳ ሰንጥቆ ያሰፋዋል። ያኔ ማሽኑ ግንበኛው ያላጠፋውን ጥፋት ያወራበታል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ» ብዬ ተቆጣሁት። እውነቱን ለመናገር ግን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ሁለተኛ ቁራጭ ነበረን። እሱን ራሴ፣ አየሩን እየመጠጥኩ፣ ለብ ባለ ሙቀት ቀስ ብዬ አደረቅሁት። ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ደጋግሜ መዘንኩት። ሳምንቱን ሙሉ ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ እወድቅ ነበር። ባሌ «ምነው?» ሲለኝ «ደክሞኝ ነው» እያልኩ አለፍኩት። ፈርቼም ነበር፣ ያንን አልነገርኩትም።

ሁለተኛውም ያው ሆነ። ምድጃው የጨመረው ትንሽ ነው፤ የቀረው ሁሉ የውሃ ሥራ ነው። አለቃዬ ከኋላዬ ሆኖ አየና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ። ያ የልጆቹ አሸዋ ዓይኔ ላይ ነበር። ውጤቱ ላይ ፈረምኩ።

ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰማው ስላልፈለግሁ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ አካፋውን በጨርቅ ይወለውላል።

«መጣሽ? ፊትሽ እኮ ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው ይመስላል» አለኝ።

«ውሃ በዝቶበታል፣ ጋሼ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። አካፋውን መወልወሉን ቀጠለ፣ የጠራውን ቦታ መልሶ መላልሶ።

«ከሰዓት በኋላ ነው» አለ በመጨረሻ። «ካንቺ ምን እደብቃለሁ። ከሰዓት በኋላ አካፋው ከበደኝ። ወፍራም አርማታ ማገላበጥ ትከሻ ይፈልጋል፤ ቀጠን ሲያደርጉት ይቀላል። በአጥሩ በኩል ያለውን ጎን ስሞላ ትንሽ ትንሽ ውሃ ጣል አደረግሁበት። ያጠፋሁት እሱን ነው። በበሩ በኩል ያለውን ግን ጠዋት በሙሉ ጉልበቴ ነው ያቦካሁት፣ እንከን አይወጣለትም። የአጥሩን ጎን በገዛ እጄ አፍርሼ እንደገና እሠራዋለሁ፣ ንገሪልኝ። ጠዋት ጠዋት እኮ እንደ ድሮዬ ነኝ።»

በአጥሩ በኩል ያለው ቦታ ስለጠበበ መቁረጫው ማሽን አልገባም ነበር። ሁለቱም ቁራጮች የተቆረጡት በበሩ በኩል ካለው ጎን ነው።

መወልወሉን ትቶ አየኝ። «የለካሽው የአጥሩን ጎን አይደለም እንዴ?»

አዎ ብዬ ብነግረው፣ ጠዋትም እጁ ውሃ እንዳበዛ ሳያውቅ ነገ ማልዶ ተነስቶ ያንን አካፋ ይዞ ይሄዳል። ደግሞ ያቦካል፣ ደግሞ ልጆች ከሥሩ ይጫወታሉ። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«የበሩን ነው፣ ጋሼ» አልኩት። «ሁለቱም የበሩ ናቸው።»

አካፋውን መሬት ላይ አስተኛው። እጆቹን ጭኖቹ ላይ ዘርግቶ መዳፎቹን ሲያይ ቆየ።

«ጠዋትማ ደህና ነበርኩ» አለ።