ሁለተኛዋ መርፌ

«ዛሬም ሁለቴ መርፌ ተወጋሁ» አለች እናቴ።

ከስፌት መኪናው ቀና አልኩ። የስኳር መርፌዋ በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ብቻ ነው። ነርሷ ሁለት ሰዓት ላይ መጥታ ክንዷን ወግታ ሄዳለች። በላዩ ላይ ሌላ ከተደገመ ስኳሯ ወርዶ እንደተኛች ልትቀር ትችላለች።

«ሁለተኛውን የት ነው የወጋችሽ?»

«ጭኔን። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር፤ ስትወጋኝ ነቃሁ።»

እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ሰው የምትለየው በድምፅ ነው። ጭኗን ገልጬ አየሁ። አንዲት ትንሽ ቀይ ነጥብ አለች፤ ከጎኗ የሰኞዋና የረቡዕዋ እየደበዘዙ ነው።

የምሰፋው ለእሷው ነበር። ከላይ መቶ ያህል ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ መሃል ጥጥ፣ ከታች ገበር ያለው ትልቅ ብርድ ልብስ ነው። የቤት መኪና ለእንዲህ ያለ ሥራ አልተፈጠረም፤ በመርፌውና በመኪናው አንገት መሃል ያለው ክፍተት ከስንዝር አይበልጥም። ስለዚህ አንዱን ወገን ጠቅልዬ አስገባና ከመሃል ወደ ዳር እሰፋለሁ። የቀረው ከተንጠለጠለ ክብደቱ እየጎተተ ስፌቱን ስለሚያጣምመው፣ መኪናውን ከአልጋው አስጠግቼ እናቴ ላይ እዘረጋዋለሁ።

ቀትር ላይ ተራ ልትቀበለኝ የመጣችው የወንድሜ ሚስት በሩ ላይ ቆማ ሳቀች።

«ይሄ ድሪቶሽ አላለቀም እንዴ?»

«ድሪቶ አይደለም።»

«ከየቦታው ተለቃቅሞ የተሰፋ ታዲያ ምን ይባላል?»

ስለ መርፌው ነገርኳት። ሳቋ ጠፋ።

«ሲስተር እኮ የቤቱ ቁልፍ አላት» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ጓዳ ስትገቢ ብትመጣ በምን ታውቂያለሽ? መውጋቷን ረስታ ይሆናል።»

ሲሪንጆቹን ቆጠርኩ፤ አልጎደሉም። የእናቴን ስኳር ለካሁ፤ አልወረደም። ሁለቱም ለነርሷ የሚመሰክሩ ነበሩ። እኔ ግን ሲሪንጁን ከቤቷ ይዛ ትመጣ ይሆናል አልኩ።

በማግስቱ ነርሷ ስትመጣ ደጅ ላይ ጠበቅኳት።

«ሲስተር፣ ቁልፉን መልሽልኝ። ከዛሬ ጀምሮ እኔው እወጋታለሁ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ሁለቴ እየወጋሻት ነው።»

ቁልፉን ከመያዣው ፈልቅቃ መዳፌ ላይ አኖረችና ሄደች።

እናቴን ራሴ ወጋኋት። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ፣ ስፌት መኪናው ፊት ተቀመጥኩ፣ ከወንበሬም አልተነሳሁም። አንዱን መስመር ጨርሼ ሁለተኛውን ለመጀመር ብርድ ልብሱን ወደ እኔ ስስበው እናቴ ተቆጣች።

«አንቺም እንደሷ ሁለቴ ትወጊያለሽ እንዴ?»

እጄ ጨርቁ ላይ ቀረ።

ብርድ ልብሱን ገለበጥኩና ገበሩን ከዳር ጀምሬ በመዳፌ ዳበስኩ። ጭኗ ላይ በሚያርፈው በኩል አውራ ጣቴን ወጋኝ። አፏን የከፈተች መርፌ ቁልፍ ነበረች። በዙሪያዋ ገበሩ ላይ የደረቀ የደም ነጥብ አለ። ሦስቱ ድርቦች እንዳይንሸራተቱ መቶ ሃያ መርፌ ቁልፍ የሰካሁት እኔ ነኝ፤ የወንድሜ ሚስት ላግዝሽ ስትለኝ እንኳ በትክክል አትቆልፊም ብዬ ከልክያታለሁ። የስፌት ሥራዬን የምመዘግብበትን ደብተር አየሁ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፤ የሰፋሁባቸው ቀናት ናቸው።

የወንድሜ ሚስት እንደመጣች ቁልፉን ይዤ ነርሷ ቤት ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች።

«ሌላ ደግሞ ምን አደረግኩ?»

«ምንም። አንቺ አልነበርሽም።»

«ማን ነበር ታዲያ?»

«ድሪቶው» አልኩ። ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳት። ይቅርታም ጠየቅኩ።

አልሳቀችም። «የዛሬውን ማን ወጋት?»

«እኔ።»

«ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ቶሎ ያመረቅዛል፤ ጭኗን ልየው» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ቁልፉን ዘረጋሁላት። አየችው፤ እጇን ግን አልዘረጋችም።

«እሱ አንቺው ጋ ይሁን» አለች። «ከእንግዲህ በሩን አንቺ ትከፍቺልኛለሽ፤ ስወጋትም ቆመሽ ታያለሽ።»